አርባ አንድ ሜትር ከሠላሳ

ከአዳማ ወደ ቦኩ፣ ከፍጥነት መንገዱ ወዲያ፣
ብሎኬት ከሚደርቅበት፣ ከቀይ ገረጋንቲው ጉያ፣
አንድ መጋዘን አለ፣ ነፋስ ቆርቆሮውን የሚያፏጭበት፣
በሩ ላይ የኩባንያው ስም ግማሹ የተላጠበት።
ውስጡ አራት መቶ ሳጥን፣ በየሳጥኑ ድንጋይ፤
ጉርሜሳ ይጠብቀዋል፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ ደመወዝ ሳያይ።

መጀመሪያ የመጣው ጓድ ወልደሰንበት ነበር፣
በላንድሮቨር፣ በመዶሻ፣ በግማሽ ጆንያ ስኳር።
ዳጋ ዲማን ወጥቶ ነጭ ድንጋይ መታ፣ ስባሪውን ልሶ፣
«ፍል ውሃ እዚህ ነበረ» አለ፣ አፉን በእጅጌው አብሶ።
ስድስት ጉድጓድ አስቆፈረ። መንደርተኛው ቃሉን ሰነጠቀ፤
«ጉዱ የኛ፣ ጓዱ የመንግሥት» እያለ ሳቀ።
መንግሥት ሲለወጥ ጓዱ ሄደ፣ ጉዱ ቀረ፤
የወደቀች ፍየል እንጂ ወርቅ የሚያወጣ ማን ነበረ?

እኔ የገባሁት በኩባንያው ጊዜ ነው፣ በቀን ሰማንያ ብር፤
ሥራዬ መጋዝ። ኮሩን ለሁለት እሰነጥቃለሁ፣
ግማሹ ወደ ላቦራቶሪ ሊሄድ፣ ግማሹ ከሳጥኑ ሊቀር።
ለሊሴ ታስረዳኝ ነበር፣ ድንጋዩን በእርሳስ እየዳሰሰች፤
ምድር እዚህ ስትሳብ ኖራ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ሳስታ ተሰነጠቀች፤
በስንጥቋ የወጣው ፍል ውሃ ሲበርድ ሸክሙን ጣለ፣
መጀመሪያ ኳርትዝ፣ ከዚያ ወርቅ፣ ያውም ከዓይን የተከለለ።
«ትንሽ ናት» ትል ነበር፣ «ከቶን ዐለት አንድ ግራም፤
በቀኝ ብትሰረስር ያው ነው፣ በግራም።»

ጉድጓድ አሥራ አንድ። ከእርሷ ደብተር፤
ከዜሮ እስከ አራት ሜትር፣ አቧራና የበቆሎ ሥር።
እስከ ሃያ ስድስት፣ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።
እስከ አርባ፣ ጠንካራ ዐለት። የአልማዙን ጥርስ ሁለቴ ሰበረ።
አርባ አንድ ሜትር ከሠላሳ
እዚህ ላይ ጽሑፉ ቆሟል። ክብ ብቻ አለ።

ክቡን ድንጋዩም ላይ አሰመረችና ስልክ ልትደውል ከተማ ወረደች።
ውሃውን ለቀቅሁ። መጋዙ ጮኸ። ድንጋዩ ሁለት ሆነ።
ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች ቢጫ በቀኙ ግማሽ ቀረች፤
ግራው እንደ ጥርስ ነጭ፣ ባዶ።
ደንቡ ሁልጊዜ ቀኙ ይላካል ይላል።
ግራውን ከረጢት ውስጥ ከተትሁ።

ለምን? መልሴ ይለዋወጣል።
አንዳንዴ፣ ከጋራው ሥር የእናቴ የሽንኩርት መሬት አለ እላለሁ።
አንዳንዴ፣ ታምር ነበር፣ ተፈጭታ ዱቄት እንድትሆን አልወደድሁም።
አንዳንዴ ደግሞ እጄ በቀዝቃዛው ውሃ ደንዝዞ ነበር፣ ሌላ ምንም የለም።

ከሁለት ወር በኋላ ወረቀቱ መጣ፤
አርባ አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ ዱካ። ዱካ ብቻ።
ድንኳኑ ተነቀለ፤ መሰርሰሪያው በሎቤድ ተጭኖ ወደ ጅቡቲ አቀና።
ለሊሴ ስትሰናበተኝ፣ «አንዲት ብልጭታ ጋራ አትሆንም» አለችኝ፤
ምን አውቃ እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል።
እኔ ጠጠሩን ልኬ ወርቁን ያስቀረሁ ሰው ነኝ፣
ለራሴም ሳላደርገው።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድሁ። ብሎኬት ሠሪዎቹ ድንጋዩን ሊገዙት
ሁለቴ መጥተው ነበር አሉ፤ ጉርሜሳ በዱላ መለሳቸው።
ዶሮዎቹ በሳጥኖቹ ላይ ይተኛሉ።
ሳልጠይቀው ወደ ጓዳው ገባ፣ አንዷን ዶሮ አንሥቶ ሳጥን ሳበ፣
አውራ ጣቱን ልሶ ድንጋዩን አሸው፤ አቧራው ረጠበ።
«አለች» አለኝ።
ክዳኑን ገጠመ፤
ዶሮዋንም መልሶ አስቀመጣት።