መጨረሻው የተቀደደ

የታሪክ ገዛሁለት፣ መስኮት ደገፈበት፤
የምክርም አመጣሁ፣ ታኬታ ጫነበት።
የሐይቁ ነፋስ ነው ገልጦ ያነበበለት።

ምንይችል ልጄ ዐሥራ አምስት ሞላው፣
ከስልኩ በቀር ወዳጅም የለው።

ቅዳሜ፣ ከባጃጆቹ ተራ ኋላ፣
ከጋሽ ስማቸው ጠባብ ሱቅ ስዳብስ፦
«ይቺ የወንጀል ናት። መጨረሻዋ ተቀዷል፤ ልቀንስ?»
«ቀንስ።»

ማታ መብራት ሄደ፤ ስልኩ ግን በርቷል፤
ፊቱን ሳይሆን ዛሬ ገጹን ያበራል።

ሊነጋጋ ሲል መጣ፣ ዐይኑ ደም መስሎ፣
«እማ፣ ገዳዩ ማነው? ንገሪኝ!» ብሎ።
እኔ ምን ዐውቄ!

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ጣና ዳር ስንወጣ፣ ከዘንባባው ጋ
ኦቾሎኒ ይገዛል፤ ፍሬውን እጄ ላይ ዘርግፎ
መጠቅለያውን ያነባል፣ ግንድ ተደግፎ፣
ገዳዩን ፍለጋ።