የዶሮዋ ሬዲዮ

ከዘጌ ነው የመጣው፣ በጀልባ ተጭኖ፣
በማዳበሪያ ከረጢት በሲባጎ ታፍኖ።
ባለቤቱ ቢያድግልኝ፣ ብሩን እየቆጠረ፣
“ሬዲዮነቱ ቀርቶ የዶሮ ቤት ነበረ፤
ሁለት ጊዜ ጫጩት አውጥታበታለች” አለኝ።
እውነቱን ነው። ጀርባውን ስፈታ ላባ ሸተተኝ፤
በገለባ፣ በኩስ መሃል አምስት ቫልቮች ቆመዋል፣
እንደ ብርሌ፤ ጠጅ ቀርቶ አቧራ ጠጥተዋል።
አናታቸውን በባትሪ አየሁ፦ ብርማው አልነጣም፤
አየር አልገባም ማለት ነው፣ ነፍሳቸው አልወጣም።

ግን አልሰካሁትም።

የድሮ ካፓሲተር ወረቀትና ሰም ነው፤
የጣና እርጥበት ገብቶ ሆዱን የነፋው።
ሌሊት ፈረቃ ሳለን፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣
ጋሽ እንዳላማው ይሉኝ ነበር፦ “መጀመሪያ ለካ፤
ተነቅሏል ብለህ አትመን፣ ገመዱ እጅህ ላይ ቢሆንም፤
ይህ ዕቃ ቂመኛ ነው፣ የያዘውን አይተውም።
በሬዚስተር አፍስስለት፣ ቂሙን ቀስ አድርገህ፣
ግራ እጅህን ደግሞ ኪስህ ውስጥ ከትተህ።”
“ለምን ኪስ?” አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና
“በሁለት እጅ መሃል ልብ አለችና።”

አይጥ የቀመሰውን ገመድ ቆርጬ ጣልኩ፤
ያበጡትን በሙሉ አንድ በአንድ ለወጥኩ፤
የስልሳ ሻማ አምፖል መስመሩ ላይ አቆምኩ፣
እንደ ኬላ ጠባቂ።
ቦግ እንዳለ ከቀረ፣ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነው፤
ከፈዘዘ፣ “እለፍ” ነው።
ሰካሁ። ቦግ አለ። ትንፋሼን ዋጥኩ።
ፈዘዘ።

አምስቱ ብርሌዎች ቀስ በቀስ ፍም ለበሱ፤
ያልጠረግኳት አንዲት ላባ እንኳን ሸተተች።
መስታወቱ ካይሮ ይላል፣ ሮማ ይላል፣ አቴና፤
መርፌዋን አዞርኩ፣ አዞርኩ፤ ድምፅ የለም ከአንዱም ገና።
“ለዝምታ ነው የለፋሁት?” ስል
“ጠሽ” አለ። ደግሞ “ጠሽ፣ ጠሽ”፣
እሳት ላይ እንደ ተረሳ የበቆሎ እሸት።

“ምን ይላል?” አለኝ ይማም፣ መረቡን ተሸክሞ።
“ዜና አይደለም። መብረቅ ነው፣ ከደቅ ማዶ፣ ቀድሞ።”
ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ። ሳቀብኝ።
ታንኳውን ግን ሳይገፋ ደጄ ላይ ቁጭ አለልኝ።
ስምንት ሰዓት ሲሆን ጣና ነጭ ጥርሱን አወጣ፤
ነጎድጓዱ ኋላ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ይማም፣ ውሃ ከመውረዱ በፊት፣
በመስኮቴ ብቅ ይላል፦
“ዶሮዋስ? ዛሬ ምን አለች?”
አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ እከፍትለታለሁ።