አብዲ ብዬ ብጠራ

ቀን ስምንት ሰዓት። ከዚራ ከነዛፉ አሸልቧል፣
ባጃጁ ከነሾፌሩ ጥላ ውስጥ ገብቷል፤
እኔ ግን በባቡር ጋራዡ፣ ከዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር፣
ከጥቁሩ መስኮት ጋር ነኝ፤ ስጽፍ፣ ሳጠፋ፣ ስከራከር።

«ፓይተን» ስል፣
«ሦስት ነጥብ አሥራ ሁለት» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቶሎ፤
አዲሱ ነው፤ ትናንት ማታ የወረደ፣ በስልኬ ኔትወርክ ተንጠልጥሎ፣
ሪፖርቱ ከእንግዲህ በዚህ ብቻ ነው የሚሠራው ተብሎ።
ጋሽ ወርዶፋ ግን ቡሎኑን ከነልኩ፣ የፍሬን ጫማውን ከነቁጥሩ ያሰፈረው
በሁለት ነጥብ ሰባት ዘመን በተጻፈች ፕሮግራም ነው፤
የጻፋት ልጅ ጅቡቲ ሄዶ፣ ስልኩን ደውሎ ማንም ያላገኘው።

«አሮጌውን አጥፊውና ተገላገይ» አለኝ ነጂብ፣ የሳቢያኑ፣
«አዲሱ ያሮጌውን ሁሉ ይሠራል፤ ምንድን ነው ሁለት መጫኑ?»
አመንኩት። ጠቅ። አጠፋሁት።

መዝገቡን ስከፍት፣ አዲሱ ገና ከመጀመሪያው መስመር ተጣላ፤
«ቅንፉ የታለ?» አለና መስኮቱን በስሕተት ጽሑፍ ሞላ።
ጋሽ ወርዶፋ ዝም አለ፤ ፊቱ እንደ ብረት ቀዝቅዞ፣
በሩ ላይ መካኒኩ ቆሟል፣ የተሰበረ ቡሎን በመዳፉ ይዞ።

ከእውነተኛው መስኮት ማዶ ጠባቡ ሐዲድ ዝገቱ ፀሐይ ላይ ይነዳል፤
ሰፊው፣ አዲሱ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያልፋል፤
የዚያ ጎማ እዚህ አይገጥምም፤ የዚህም እዚያ ይወድቃል፤
ይህን ድሬ ላይ ሕፃን ያውቃል።
እኔ ነኝ የረሳሁት።

ያኔ ትዝ አሉኝ፣ መጋላ ሳለን ግቢያችን የነበሩ ሁለት አብዲ፦
አንዱ ልብስ ሰፊ፣
አንዱ ጎማ ነፊ።
«አብዲ!» ብሎ የተጣራ ሁሉ፣ ማንን ሽቶ ቢመጣም፣
አቤት የሚለው ልብስ ሰፊው ነው፤ በር ላይ ነዋ፤ ያኛው ከጓሮ አይሰማም።
ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ስንቱ
ሱሪ ተለክቶ ገባ ቤቱ!

አከራያችን ኡሚ ዘይነባ ናት ኋላ ነገሩን የፈታችው፤
አንዱን አላስወጣች፣ ክፍል አላለዋወጠች፤ ቅጥያ ብቻ ሰጠቻቸው፦
አብዲ መርፌ። አብዲ ጎማ።
ከዚያ ወዲህ ሁለቱም የየራሱን ሰማ።

ይህም ማሽን «መንገድ» የሚሉት ዝርዝር አለው፣
ስም ሲጠራ ከላይ ወደ ታች ያያል፤
በር ላይ ያገኘው ነው ቀድሞ አቤት የሚለው።

ሽማግሌውን ከፍላሼ አውጥቼ መለስኩት፤
ሲ ድራይቭ ላይ፣ ጥግ ይዞ፣ ለብቻው ፎልደር ሰጠሁት፣
በሩን ለአዲሱ ተውኩት።
ስጠራው ግን ከነቅጥያው፦ «ፓይ፣ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ ሰባት»፤
አዲሱ ጆሮውን ሳያቀና፣ ሽማግሌው ተነሣ ከተኛበት።

«ቡሎን፣ ባለ ሃያ ሁለት፤ ሦስተኛ መደርደሪያ፤ አራት።»

መካኒኩ አንዱን አንሥቶ፣ አመሰግናለሁም ሳይል ሮጠ።
ጋሽ ወርዶፋ አራቱን ሦስት አደረገ፣ ፊደሉን በአንድ ጣት እየመረጠ።
ከዚያ ከኪሱ ጠመኔ አወጣ፤
«ኒዕማ፣ ይሄን የሚጠራበትን ቁጥር እዚያ መደርደሪያ ላይ ጻፊልኝ፤
እኔ ጡረታ ስወጣ
የሚተካኝ ልጅ እንዳንቺ ሌላ ሰው ጠርቶ እንዳይቀጣ።»

ጻፍኩለት፤ ከቡሎኖቹ ልክ ሥር፣ ከዝገቱ ጎን።
ዓይኑን አጥብቦ አየው፣ ቆየ፤
«ሁለት ነጥብ ሰባት… ምኑ ነው? ሚሊ ሜትር ነው?» አለኝ።

«ልኩ ነው» አልኩት።