አውራ ጣቴ

ጤፌን ዘርግቼ ስውል ቅዳሜ ብቸና፣
አውራ ጣቴ ከሚዛኑ ጫፍ ጠጋ አለና፣
«አልገደልሁ፣ አልሰረቅሁ፤ ምን ኀጢአት አለው?
ጣቴ ነው እንዲያው ሚዛኑን ደገፍ ያለው»
እል ነበር ለራሴ፣ ስንት ዓመት ሙሉ።

ለመምሬ እንዳለማው ነገርሁ በፍልሰታ፤
አርባ ስግደት አሉኝ፤ ሰገድሁ ጠዋት ማታ።
ጉልበቴ ተላጠ፣ ጣቴ ግን አልደከመ፤
ቅዳሜ ሲደርስ ያው ሚዛን ላይ ተጋደመ።

ዳግም ሄድሁ። ሳቁ።
«ከጣትህ አትታገል፤ ከሚዛኑ አርቀው፤
ብርቱ ነኝ አትበል፤ ደካማነትህን እወቀው።»

ይኸው ዛሬ ሚዛኑን ለገዥዬ ሰጥቼ፣
እቆማለሁ እጄን ጋቢ ውስጥ ከትቼ።
«በርዶህ ነው?» ይሉኛል ወይዘሮ ትሁን፤
«አዎ» ብዬ ዋሸሁ፤
ይቺ ደግሞ ለእሑድ ትሁን።