ለካውንቲው አዲስ

ነሐሴ ሲጋመስ በሆልተን ከተማ፣
ሎርና ፔልኪ ወጣች አንሶላ ተሸክማ።
ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ወጥራ ሰቀለችው፣
በባሏ ጎን በኩል ሳስቶ ያልጣለችው።

ሰማያዊ አምፖል አበራች ዝም ብላ፣
እሳት የሌለበት፣ ክንፍን የማይበላ።
ትንኙ መጣ ሄደ፣ ጢንዚዛው ወደቀ፣
የፔርሙዙ ሻይም ቀዝቅዞ አለቀ።

ከዚያ አንድ እንግዳ፣ መዳፍ 'ሚያህል ጥቁር፣
ስንት አውራጃ አልፎ፣ ሳያይ የሰው ድንበር፣
አረፈ ከሳሳው፣ በባሏ ጎን በኩል፤
የነተበ ክንፉ ብርሃን ያሳልፋል።

ደብተሯን ገለጠች፦ «የእሳት እራት፣ አንድ፤
ለካውንቲው አዲስ፤ አንድም የለው ዘመድ።»

አምፖሉን አጠፋች፤ አንሶላው ግን ቀረ።
እራቱ ተረፈ፣
እሳት ጦም አደረ።