ረዳት

ደረቴ ላይ ያለው ባጅ «ረዳት» ይላል፤
ቀጥሎ የነበረው «ሳይኮሎጂስት» በዝናብ ለቋል።
እንደሻው ፊደሉን በጣቱ ተከትሎ
አንድ ባንድ ለቀመው፣ እንደ ገብስ ቆሎ፤
«ረ... ዳ... ት» አለና ቀና ብሎ አየኝ፤
«የየት መኪና ነሽ? አንኮበር? ሰላ ድንጋይ? ንገሪኝ!»

አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል፤
ሰፈሩ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ይለዋል።
እናቱ እትዬ አልጣሽ «እንደሻው» ብለው አወጡለት፤
«ምን ትሻለህ?» የሚል ግን እስከዛሬ አልተገኘለት።

በመጀመሪያው ቀን ቅጹን ዘርግቼ፣
ባሕር ማዶ የተጻፈ ጥያቄ አውጥቼ፣
«ብርቱካንና ሙዝ በምን ይመሳሰላሉ?» አልኩት።
የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና መስኮቱን አልለቀቀም፤
እንደሻው መዳፉን በትንፋሹ እያሞቀ አልቸኮለም።
አሰበ። አሰበ። «ሁለቱም» አለኝ «ውድ ናቸው።»
ቅጹ የሚፈልገው ግን «ፍራፍሬ ናቸው» ነው።
ዜሮ ጻፍኩ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዶክተር
ዜሮዎቼን ደምረው አሰፈሩ በግርጌው መስመር፦
«የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ መካከለኛ።»
ከፊርማቸው ሥር ፈረምኩ፣ እኔ ሁለተኛ።
ማታ ወደ ቤት ስሄድ የሙዙን ዋጋ ጠየቅኩ፤
እንደሻው ልክ ነበር፤ ሳልገዛ አለፍኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼ፣
«ምን ትሻለህ?» አልኩት፣ ከጎኑ ተቀምጬ።
ጫማውን ሲያይ ቆየ። አዲስ እንደ መጣለት አየው።
«ጫጫ ልሂድ» አለ «እህቴ ወይንሸት ጋ፤
ብቻዬን፣ እጄን ሳልያዝ፣ ማክሰኞ ሲነጋ።»

እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አጥብቀው፣
«ቢጠፋብኝስ?» አሉኝ፣ መልሴን ከዓይኔ ጠብቀው።
ከተማርኩት ሁሉ መሃል ለዚህ የሚሆን አልነበረም።
«እኔ ስሞትስ?» ብለው ግን ራሳቸው ጨረሱ፤
በማግስቱ ለመሳፈሪያው መቶ ብር ይዘው ደረሱ።

ስድስት ሳምንት ለመድን፤ አግዳሚው ወንበር መኪና ሆነ፤
ፋንታነሽ ትሪ ይዛ ነዳች፤ ቤቱ በሳቅ ታፈነ።
ብሩን በቀለሙ፣ ድልድዩን በዛፉ ለየ፤
«ወራጅ አለ» የሚለው ግን ከጉሮሮው ሥር ቆየ።
እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዝም በል» ሲባል ያደገ ሰው
መኪና የሚያቆም ድምፅ ከየት ብሎ ያምጣው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር፤ ጉም መሬት ላይ ተኝቷል።
እሱ ከሾፌሩ ኋላ ኮቱን ቆልፎ ተቀምጧል፤
እኔ ከመጨረሻው ወንበር፣ በነጠላ ተሸፍኜ፣
እንዳልረዳው ታዝዤ፣ ረዳቱ ሆኜ።
ድልድዩ መጣ። ዛፉ መጣ። እንደሻው ዝም።
ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለኝም።
ሱቆቹ ሳሱ። ከተማው ሊያልቅ ነው። ምላሴን ነከስኩ።

«ወራጅ አለ!»

ፍሬኑ ጮኸ። የተሳፋሪው ራስ ሁሉ ዞረ።
እንደሻው ወረደ፤ ግን በሩን ይዞ ቀረ፤
መዳፉን ዘርግቶ «ረዳት!» አለ «መልሴን!»
ልጁ ኪሱን ዳበሰ፤ እኔ ደረቴን።
አሥር ብሩን ተቀበለ፣ ወደ ብርሃን ይዞ አየ፣
አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው፣ ከመኪናው ተለየ።
ዞር ብሎም አላየን።
በታጨደው ገብስ መሃል ኮቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

እኔ ሸኖ መግቢያ ላይ ነው
መውረድ ትዝ ያለኝ።