አርባ ሦስተኛው ከረጢት

«አትቅለል» ይለኝ ነበር አባቴ፣
ሳቅ ሲያመልጠኝ በሰው ፊት፣ በልጅነቴ፤
«ሰው በክብደቱ ነው፣ ክብደት ይኑርህ ልጄ።»
እኔ ግን ይኸው፣
አንዲት ግራም ልቀንስ ስፍቅ እውላለሁ በእጄ።

ቂሊንጦ ዳር፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ ያለ ቤት፣
ነፋስ ሳያንኳኳ ወጥቶ የሚገባበት፣
ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን፣ ሽታው ያልለቀቀበት።

ክንፏን ገልብጠን አሰርናት፣ ሆዷን ወደ ሰማይ፣
ሽቅብ የሚያነሣት አየር፣ እዚህ አሸዋ ሆኖ
ቁልቁል ሲጫናት እንድናይ።
ቆዳዋ ካርቦን፣ ውስጧ የንብ ሰፈፍ አምሳል፣
ባዶነት በስድስት ማዕዘን ተሸንሽኖ ተደርድሯል።
ስምንት ወር ሠራናት። ስትመዘን ከጠቦት ታንሳለች።
ትችላለች? አያንቱ ወረቀቱ ላይ «ትችላለች» ብላለች።

ሽመክት አሸዋ ተሸካሚው፣ የቀን ሠራተኛ፣
ከጨርቆስ እስከ ቱሉ ዲምቱ
ትከሻው ሃያ ዓመት ያልተኛ፣
ከረጢት እያኖረ ጠየቃት በቀስታ፦
«ስምንት ወር ሠርታችሁ፣ ልትሰብሯት ነው በአንድ ማታ?»
«እኅቷ እንድትበር፣ ይቺ ትሰበር» አለችው፣
ከቁጥሩ ቀና ሳትል።
እሱም ዐሥራ ዘጠነኛውን ጫነው።

ሃያ። ሃያ አምስት። ሠላሳ፣
እንደ ሰጋጅ ጎበጠች፣ ግን ድምፅ ሳታነሣ።
ሠላሳ ስምንት ላይ «ቀጭ» አለች፤
እስትንፋሳችንን ዋጥን፤ እሷ ግን ቻለች።
አርባ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት።
አርባ ሦስተኛውን ሲያስቀምጥ፣ መብራት
ጠፋ። ኮምፒውተሩም፣ አምፖሉም።
ከዚያ በጨለማው የመጣውን ድምፅ አልረሳውም፤
ደረቅ ዛፍ አይደል፣ ብርጭቆ አይደል፣ የሁለቱ ልጅ፣
ከዚያም አሸዋው ብቻ፣ ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ እንደ ዝናብ በደጅ።

መዝጋቢው ምንም አልያዘም። አያንቱ ተቀመጠች መሬት፤
«የት ጋ እንደ ጀመረ እንኳ አናውቅም» አለች፣ በቁጭት።
ሽመክት ግን የስልኩን መብራት አበራና ሄደ፣
ከብረቱ ጋር በምትገናኝበት፣ ሥሯ ላይ፣ ጣቱን ሰደደ።
«እዚህ ነው። ከትከሻዋ። መሐሏማ ደህና ነበር፤
ሸክም መሐል አይገድልም፣ መጋጠሚያ ነው የሚሰበር፤
እኔ እኮ…» ብሎ የገዛ ትከሻውን ነካ።
የጥፍር ያህል ሙጫ ጎድሎ ኖሯል ለካ።

አባቴ ቢያየኝ፣ በእጄ የክንፍ ስባሪ፣ እንደ ላባ፣
ምን ይል ይሆን? አላውቅም።
አያንቱ በጠመኔ ቆርቆሮው ላይ ጻፈች፦ አርባ
ሦስት፤ ከሃያ ዘጠኝ በታች፣ ከሠላሳ ስድስት ሥር።
ሽመክት በሩ ላይ ቆሞ፣ አሸዋውን ከፀጉሩ እያራገፈ፣
«መጫኑን ነው የተነጋገርነው» አለ፣ «ማራገፉን አይጨምር።»